ስምንተኛው ቅጂ

አቶ ሸዋንዳኝ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ሦስት መቶ የመመረቂያ ጽሑፎችን ለክተዋል፤ አንዱንም አላነበቡም። «ይዘት የሌላ ሰው ሥራ ነው» ይሉ ነበር። የእሳቸው ሥራ ኮሌጁ ባወጣው መመሪያ መሠረት የግራው ኅዳግ ለጥረዛ የሚበቃ፣ የፊደሉ መጠን አሥራ ሁለት፣ የገጹም ቁጥር በቦታው የተቀመጠ መሆኑን ብርሃን በምታሳልፍ አንዲት የፕላስቲክ ማስመሪያ ማረጋገጥ ነበር። ተማሪ ሲያለቅስባቸው ማስመሪያዋን ያሳዩታል። «እሷን ለምናት» ይሉታል።

ረቡዕ ማታ፣ ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ፣ ከአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ካለው የድንጋይ ደረጃ ሥር ጭንቅላታቸው ተሰንጥቆ ሞተው ተገኙ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ሻሺቱ ደረጃውን እየቆጠረች ወረደች። አሥራ አራት ነው። ሻሺቱ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ጨርቅም ይሁን ወረቀት እጇ ሲገባ አስቀድማ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። አባቷ «ሸማ የሚዋሸው ከጠርዙ ነው» ይሏት ነበር። በፖሊስ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስታገለግል ይህን የሚያፈርስ ነገር አላጋጠማትም።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን አሞጽ ከላይ ቆሞ።

«ያለቀ ከሆነ ቁርሴን ለምን አስተውከኝ?»

«ለፊርማ ነው።»

ከዚያ ያለቀውን ጉዳይ ዘረዘረላት። ገዳዩ ጌታነህ የሚባል የገረሴ ወረዳ መምህር ነው፤ ዕድሜው አርባ፣ ቅዳሜና እሑድ እየወረደ የሚማር። ሟቹ ጽሑፉን ሰባት ጊዜ መልሰውበታል። ባለፈው ወር ሰው እየሰማው «ይህችን ማስመሪያ አንድ ቀን አስውጣቸዋለሁ» ብሏል። ትናንት ሬሳው ላይ አጎንብሶ፣ እጁ ደም ነክቶት ተያዘ።

«በሟቹ ኪስ ውስጥ ደግሞ ይኸው» አለና አንድ ወረቀት ሰጣት።

በኮምፒውተር የተሞላ ቅጽ ነው። «የአቶ ጌታነህ ጽሑፍ ስምንተኛ ቅጂ ታይቶ፣ የግራ ኅዳጉ ከመመሪያው ያነሰ ሆኖ ስለተገኘ ተመልሷል» ይላል። ከሥሩ ክብ ማኅተም አርፎበታል።

«ፊርማው የታለ?»

«ማኅተም አለበት እኮ።»

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ፊርማው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በከተማው ሥራ ፈት ይባላል፤ ሻሺቱ ደግሞ በዚህ ስሟ ከተበላሸ ቆይቷል።

«ማን ጮኸ?»

«ጌታነህ ራሱ። እኔ በአሥር ደቂቃ ደረስኩ።»

«ስትደርስ ደሙ ፈሳሽ ነበር?»

አሞጽ አሰበ። «ረግቶ ነበር። ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶበታል።»

«በአሥር ደቂቃ? አንተ ለባለፈው በዓል ሰልፍ ስንት ቀን ተለማመድክ?»

«ሁለት ሳምንት» አለ አሞጽ።

ሻሺቱ የሟቹን ዕቃ አገላበጠች። ስልክ፣ መነጽር፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የታሰረች ትንሽ ቁልፍ። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይዘዋት የሚሄዱት ማስመሪያ የለችም።

«ቁልፏን እኔ እይዛለሁ» አለችው።

ጌታነህን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረችው። ቀጭን፣ ጃኬቱ የጠመኔ ብናኝ የማይለቀው ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ሰዓት ጠየቃት።

«ቸኩለዋል፣ መምህር?»

«ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬጅስትራሩ ይዘጋል። ያላስገባ ዘንድሮ አይመረቅም። የእኛ ወረዳ ደግሞ ዲግሪ የሌለው ከመስከረም ጀምሮ ክፍል አይገባም ብሎናል። አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ።» እጁን አየ። «እስሩን እችለዋለሁ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓትን ነው የማልችለው።»

«ጥናትዎ ስለምን ነበር?»

«የገረሴ ልጆች በገበያ ቀን ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ።»

«ለምን ይቀራሉ?»

«ገበያ ስለሚሄዱ ነው» አለ ጌታነህ። «ግን በሰማንያ ስድስት ገጽ መጻፍ አለበት።»

ሻሺቱ ወደደችው፤ ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም። «ሰባተኛው ቅጂ መውደቁን ማን ነገረዎት?»

«ከትምህርት ክፍሉ ማክሰኞ ተደወለልኝ። ኃላፊው አቶ ብርሃነመስቀል ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ በራሳቸው ስልክ። ‹ስምንተኛውን ረቡዕ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ደረጃ በኩል አምጣ፤ ጋሽ ሸዋንዳኝ በዚያ ነው ወደ ቤት የሚወርዱት› አሉኝ።»

«እርስዎ ግን የደረሱት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው።»

«የገጹ ቁጥር ዘለለብኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ» አለ፣ በሐዘን።

የዘለለው የልክነሽ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ ልክነሽ ስላለች ደንበኛ ይቆማል።

«እትዬ፣ ለሳጅኑም ነግሬዋለሁ» አለች። «ጌታነህ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ እዚህ ነበር። ግን የእሱ አገር ሰው ነሽ ብሎ አላመነኝም። የሥጋ ዘመድ ብሆን ኖሮማ ምን ሊለኝ ነበር?»

«ሰማንያ ስድስት ገጽ ለማተም አንድ ሰዓት ይፈጃል?»

«ማተሙ አይደለም። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ያረጁ ናቸው፤ እንድሪያስ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ጭኖባቸዋል። እነሱ ላይ የተጻፈው የእኔ ላይ ሲከፈት ሐሳቡን ይለውጣል። የገጹ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ማውጫው ባዶ ይሆናል። እንድሪያስ ‹ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ያኔ አይነቃነቅም› እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይነግራቸዋል። ማን ይሰማል።»

«ጌታነህ ተመልሶ ለምን አላደረገውም?»

«ሄዶ ነበራ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሮጠ። የኮምፒውተር ክፍሉ ተዘግቷል፣ ቢያንኳኳ የሚከፍት የለም። ተመልሶ መጣ፤ እኔና እሱ አንድ በአንድ በእጅ አስተካከልን።» ወረቀት ከማሽኑ አወጣች። «ጋሽ ሸዋንዳኝ ነፍሳቸውን ይማረውና ቢያዩን ይስቁ ነበር። ኮምፒውተር አይነኩም እሳቸው። ባዶውን ቅጽ እዚህ ያባዛሉ፣ በቀይ እስክሪብቶ ይሞላሉ፣ ይፈርማሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንዴ ‹ልተይብልዎ?› ብላቸው ሦስት ቀን አኮረፉኝ።»

ዘበኛው ኦይታ የጌታነህን ማንኳኳት አረጋገጠ። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ከእሱ ጎጆ ፊት ለፊት ነው።

«ኃላፊው በአሥራ አንድ ተኩል ገቡ» አለ። «አትረብሹኝ አሉ። መምህሩ መጣ፣ ደበደበ ደበደበ፣ ሄደ። ጩኸት ሲሰማ ኃላፊው በዚሁ በር ወጡ።»

«ሌላ በር የለም?»

«ከኋላ አለች፣ ልጄ። ከውስጥ መቀርቀሪያ ናት። እሷን ከዚህ ሆኜ አላይም።»

የታሸገው የኮምፒውተር ክፍል ተከፈተ። ስምንት ኮምፒውተሮች ረቡዕ ማታ እንደበሩ ናቸው፤ አሞጽ ሲያሽግ ማጥፋት ፈርቶ ነበር። የክፍሉ ባለሙያ እንድሪያስ በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይነክሳል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ማሽኖቹ ግን ከእሱ የሚያንሱ አይመስሉም።

ሻሺቱ አንዱን ማያ ጠጋ ብላ አየች። «እዚህ ላይ ጃንዋሪ አንድ፣ 2007 ይላል።»

«እነሱ ዘንድ ሁልጊዜ ጃንዋሪ አንድ ነው» አለ እንድሪያስ። «ቀን የሚያስታውሱበት ባትሪ ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ይረሱታል፤ ሲነሡ ከዚያው ይጀምራሉ። ትናንት መብራት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልሄደም።»

«እስካሁን?»

«እኛም ገርሞናል።»

«ሰዓቱን ማስተካከል አይቻልም?»

«ይቻላል። ግን ማን ይለፋል? ማታ መልሶ ይረሳዋል።»

«ማንም ሰው ይችላል?»

«የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ምስጢር ነው።» እንድሪያስ ግድግዳውን አየ። የይለፍ ቃሉ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል።

ሻሺቱ ሳቋን ዋጠች። «ረቡዕ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጯጩኻችኋል።»

«ስለ ፎንት ነው። መመሪያው የሚያዝዘው ፊደል በነጻው ሶፍትዌር የለም፤ ተመሳሳዩ ነው ያለው።»

«የፎንቱ ነገር አምና አልቋል ይባላል።»

እንድሪያስ አልካደም። አቶ ሸዋንዳኝ ሁለቱን ፊደሎች መስመር በመስመር ለክተው «ስሙ ሌላ፣ ልኩ አንድ። ይለፍ» ብለው ነበር።

«እንግዲያ ትናንት ምን አጯጯሃችሁ?»

እንድሪያስ ወደ ጥፍሩ ተመለሰ። ሻሺቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ትዕግሥት ከእሷ ጋር የሚወዳደሩበት ነገር አይደለም።

«ናሙናው ተሳስቷል» አለ በመጨረሻ። «ተማሪው ሁሉ የሚጽፍበትን ባዶ ፋይል የሠራሁት እኔ ነኝ። ኅዳጉ ልክ ነው፣ ፊደሉ ልክ ነው። የገጹ ቁጥር ግን ከመመሪያው ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። በዓለም ላይ ያን ዓይነት ገጽ የሚያወጣው የእኔ ናሙና ብቻ ነው። ጋሼ ደረሱበት። ዝም በሉልኝ አልኳቸው። ‹እኔ ዝም ብልም ማስመሪያዋ ዝም አትልም› አሉኝ።»

«ሥራህን ታጣ ነበር።»

«አዎ።»

«ሲሞቱ የት ነበርክ?»

«ኃላፊው ኬብል ግዛ ብለው ሲቀላ ሰፈር ላኩኝ። ባጃጁ ጎማ ፈነዳበት።»

«ባለባጃጁን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አለ እንድሪያስ፤ ድምፁ ሲወርድ ለራሱም ተሰማው። አሞጽ ወደ ካቴናው እጁን ሰደደ፤ ሻሺቱ በዓይኗ መለሰችው።

አቶ ብርሃነመስቀል ሳይጠሩ መጡ። ኮታቸው የተተኮሰ፣ አማርኛቸው ከኮታቸው የባሰ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ከሰሜን መጥተው ኮሌጁ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ዘንድሮ የማዕረግ እድገት ይጠብቃሉ።

«ክፍሉ እንዲታሸግ ሳጅኑን የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር» አሉ። «ማስረጃ መጠበቅ አለበት ብዬ።»

«አመሰግናለሁ። የምን ማስረጃ?»

«የሁላችንም። ለምሳሌ እኔ ሦስት ቁጥር ላይ ለቦርዱ ደብዳቤ ስጽፍ ነበር። ይመልከቱት።»

እንድሪያስ ፋይሉን ከፈተላት። የተቀመጠበት ጊዜ በፈረንጁ የዚያው ረቡዕ ዕለት፣ ከምሽቱ 6:20 ይላል፤ በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ።

«ጌታነህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንኳኩቶ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ሐሳቤ እንዳይበተን አልከፈትኩም። ዛሬ ይጸጽተኛል፤ ብከፍትለት ኖሮ ወንጀል ውስጥ ባልገባ።»

«ደብዳቤውን ያንብቡልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ።» መነጽሯ ኪሷ ውስጥ ነው።

ብርሃነመስቀል በጥሩ ድምፅ አነበቡ። «‹የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች ከማርጀታቸው የተነሣ ቀንና ሰዓት እንኳ መያዝ የተሳናቸው በመሆኑ፣ በአዲስ እንዲተኩልን...›»

«በቂ ነው። ጥሩ ጽሕፈት ነው።»

ሻሺቱ ከማያው ጥግ ያለውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን። ማስታወሻዋ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈች፦ 3:10፣ 3:50። ቀና ስትል ኃላፊው ጣራው ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ያያሉ።

«መብራቱ ዛሬም አልሄደም» አሉ። «ይገርማል።»

«ይገርማል» አለች ሻሺቱ።

ከሰዓት በኋላ የሟቹን ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም፤ ሰው ያጸዳው ይመስላል። ጥግ ላይ የብረት ቁም ሳጥን አለ፣ ተቆልፏል። ከማተቡ ላይ የፈታቻት ቁልፍ ገጠመች። በውስጡ የጌታነህ ሰባት ቅጂዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የገባበት ቀን በቀይ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው የዛሬ ሰባት ወር ነው። ከሰባተኛው ጎን አንድ ሌላ ጥራዝ አለ። በሁለቱ መካከል ማስመሪያዋ ተኝታለች።

ሻሺቱ ሁለቱንም ገለጠች፤ ጠርዛቸውን ዳሰሰች፣ በማስመሪያዋ ለካች። ከሰባተኛው ቅጂ ሽፋን ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት አገኘች። ሁለት ጊዜ አነበበቻት፤ አጥፋ ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ነገ ሁሉንም ኮምፒውተር ክፍል ሰብስብልኝ» አለችው አሞጽን። «ጌታነህንም አምጣው። እስከዚያ በሩን አሽገህ ራስህ ተኛበት። ማሽኖቹን እንዳትነካ።»

«እኔ? አያርገውና» አለ አሞጽ።

ስብሰባው የተጠራው ለዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ኃላፊው ጉባኤ ላይ ነኝ ብለው ሲመጡ አሥር ሞላ። ልክነሽ አንዷን ወንበር ቀድማ ያዘች። እንድሪያስ ግድግዳ ተደግፏል፤ ኦይታ በሩ ላይ ቆሟል። ጌታነህ በካቴና ተቀምጦ የሻሺቱን የእጅ ሰዓት ይመለከታል። አሥር ሰዓት ከአምስት።

«አላስረዝምም» አለች ሻሺቱ። «ከዚህ ቅጽ ልጀምር። ስምንተኛው ቅጂ ታይቶ ተመልሷል ይላል። ሳጅን፣ ጌታነህ ሲያዝ ስምንተኛው ቅጂ የት ነበር?»

«ብብቱ ውስጥ።»

«ትኩስ ነበር፣ ከማሽን የወጣ» አለች ልክነሽ።

«ማንም ያልተቀበለውን ወረቀት ማን አየው? ኅዳጉ ጠቧል ይላል፤ በሟቹ ማስመሪያ ለካሁት፣ ልክ ነው። ጋሽ ሸዋንዳኝ ኮምፒውተር አይነኩም፣ በእጃቸው ነው የሚሞሉት። ይህ ግን ተተይቧል፣ ፊርማም የለውም። ስለዚህ ቅጹን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ የጻፈውም ጌታነህ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስምንተኛውን ይዞ እደረጃው ጋ እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው፣ መምህር?»

«እኔና...» ጌታነህ ቆመ። ዞሮ ኃላፊውን አየ።

«እኔ ለመርዳት ነው የደወልኩት» አሉ ብርሃነመስቀል። «በዚያ ላይ እኔ የት እንደነበርኩ ዘበኛውም ፋይሉም ይመሰክራሉ።»

«ወደ ፋይሉ እየመጣሁ ነው። እንድሪያስ፣ የሌሎቹ ሰባት ማሽኖች ፋይሎች ረቡዕ የተቀመጡት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«2007፣ ጃንዋሪ አንድ። ሁሉም።»

«ሦስት ቁጥር ብቻ ትክክለኛውን ቀን ያውቃል። ለዓመታት ቀኑ ለማንም ባላስጨነቀበት ክፍል አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ፣ የይለፍ ቃል አስገብቶ፣ ቀን አስተካክሏል፤ ያውም ሰው በተገደለበት ምሽት። እዚህ ክፍል ሐሰቱ ሰዓት ልማድ ነው። እውነተኛው ነው ያስደነገጠኝ።»

«ሥርዓት መውደድ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ሳጅን፣ ስልክህ ስንት ይላል?»

«አሥር ሰዓት ከአሥር።»

«ሦስት ቁጥርስ?»

አሞጽ አጎነበሰ። በፈረንጁ የተጻፈውን በጣቱ ቆጥሮ ለወጠው። «አሥር ሰዓት ከ... ሃምሳ።»

እንድሪያስ ከግድግዳው ተላቆ ማያውን አየ።

«ትናንትም አርባ ደቂቃ ይቀድም ነበር» አለች ሻሺቱ። «በአንድ ቀን አርባ ደቂቃ የሚፈጥን ቢሆን ዛሬ ሰማንያ በሆነ ነበር። አልፈጠነም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ነው አርባ ደቂቃ ወደ ፊት የተገፋው። እንግዲህ ሦስት ቁጥር ‹አሥራ ሁለት ከሃያ ነው› ሲል እውነተኛው ሰዓት አሥራ አንድ ከአርባ ነበር። ደብዳቤው ያኔ አልቋል። ከዚያ በኋላ የኋላው በር ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ነው፣ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው።»

«የእጅ ሰዓቴ ቀድሞ ይሆናል» አሉ ብርሃነመስቀል። «በስህተት ሞልቼው ይሆናል።»

«ይሁን። በስህተት ከሞሉት ግን ደብዳቤው በአሥራ አንድ ከአርባ ማለቁን አመኑልኝ ማለት ነው። ታዲያ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጌታነህ ሲያንኳኳ የትኛው ጽሑፍ ላይ ሆነው ነው ሐሳብዎ እንዳይበተን የፈሩት?»

ብርሃነመስቀል ወደ ሦስት ቁጥር ማያ ዞሩ።

«ሰዓቱን ወደ ቦታው ሊመልሱት አስበው ነበር?» አለች ሻሺቱ ረጋ ብላ። «አይመስለኝም። ‹ቀንና ሰዓት መያዝ የተሳናቸው› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ማታ መብራት ይሄዳል፣ ማሽኑም ሰዓቱን ይረሳዋል፣ ፋይሉ ላይ የቀረው ብቻ ይመሰክርልኛል ብለው ነው። ለዚህም ነው ክፍሉን ራስዎ ያሳሸጉት። በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር። መብራቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልሄደም።»

«ምክንያት የለኝም» አሉ፤ ድምፃቸው ሳስቷል። «ሸዋንዳኝ ወዳጄ ነበር።»

ሻሺቱ ከጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ጥራዞች አነሣች። «ይህ የጌታነህ ሰባተኛ ቅጂ ነው። ይህ ደግሞ አቶ ብርሃነመስቀል ለማዕረግ እድገት ያቀረቡት ጥናት ነው፤ በመግቢያው ላይ በቤቴ፣ በአዲሱ ላፕቶፔ ጻፍኩት የሚሉት። ፊደሉ ሌላ ነው፣ ርእሱም ሌላ ነው። እንድሪያስ፣ የገጹን ቁጥር ለካው።»

እንድሪያስ ማስመሪያዋን ተቀበለ። ሁለቱን ለካ። አንዴ ደገመ።

«ሁለቱም ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለዋል» አለ። «የእኔ ናሙና ነው። ከዚህ ክፍል የወጣ ፋይል ነው።»

«ስድስት ቁጥር ላይ የተውኩት...» አለ ጌታነህ። «ላፕቶፕ የለኝም። ሁላችንም እዚሁ ነው የምንተወው።»

«የውስጡን እኔ ትናንት አነበብኩት» አለች ሻሺቱ። «ልጆቹ በሁለቱም ውስጥ ገበያ ይሄዳሉ። ጋሽ ሸዋንዳኝ ግን አላነበቡትም፤ ለኩት። የጌታነህ የመጀመሪያ ቅጂ ከኃላፊው ጥናት በፊት እጃቸው መግባቱን ቀን ጽፈውበታል። ረቡዕ ማታ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ሰባተኛው ካለፈ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።»

«‹ራስህ አንሣው› አለኝ» አሉ ብርሃነመስቀል። ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። «ማክሰኞ ጠዋት። ‹ለማንም አልናገርም፣ ጥናትህን እስከ ዓርብ ራስህ አንሣው›። ሃያ ዓመት ይዘት አንብቤያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያነብ በሦስት ሚሊ ሜትር ያዘኝ።»

አሞጽ ካቴናውን ከጌታነህ ፈታና በዝግታ ወደ ኃላፊው ሄደ። ኦይታ ከበሩ ገለል አለ።

በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ። ስምንቱ ማያዎች አንድ ላይ ጠቆሩ። ብርሃነመስቀል ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፤ ብዙ ቆዩ። ማንም አልሳቀም።

«አሁን ነው?» አለች ልክነሽ በቀስታ።

ሻሺቱ ማስታወሻዋን ገልጣ ቁራጯን ወረቀት አወጣች፤ ለጌታነህ ዘረጋችለት። በመስኮቱ ብርሃን አነበባት። የሰኞ ቀን ተጽፎባታል፤ ከሥሯ ሰፊ ቀይ ፊርማ አለ። «ሰባተኛ ቅጂ። የገጹ ቁጥር ዝቅ ማለቱ የናሙናው እንጂ የተማሪው ጥፋት አይደለም። ይለፍ።»

ጌታነህ ወረቀቷን ያዘ። ከላይ ጀምሮ ደግሞ አነበባት። «ስምንተኛው ታዲያ...?»

«ሰባተኛው አልወደቀም ነበር፤ ስምንተኛው የተፈለገው እርስዎን ደረጃው ላይ ለማምጣት ነው። አሁን ለፍርድ ቤት ነው። የገጹ ቁጥር ባይዘል ኖሮ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረጃው ላይ ነበሩ።» ሰባተኛውን ጥራዝ አቀፈችና ሰጠችው። «ይህን ያስገቡ፤ ለማስረጃ የሚሆነኝን ቅጂ ነገ እወስዳለሁ።»

«ሰዓት ስንት ነው?»

ሻሺቱ እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች።

«አሥር ሰዓት ከአርባ። ይሩጡ፣ መምህር።»